አንድ ገጽ ዋሽንት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12። ከሰዓት በኋላ፣ ቀበሌ አዳራሽ

ልምምድ። እንደገና ከመጀመሪያው። ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ነው፤ ከተማው ሁሉ ቆሻሻውን ያቃጥላል። ጭሱ በመስኮት ይገባል፣ ዘማሪዎቼ ይስላሉ። ደስ አለኝ። ሳል ቢያንስ ድምፅ አለው።

አንች ደብተር፣ ለአንች ካልነገርሁ ለማን እነግራለሁ? መድረክ ላይ ከሚቆሙት ከግማሽ በላዩ አይዘፍንም። አፉን ያንቀሳቅሳል። «ዲዳዎቼ» እላቸዋለሁ። አንዱ የአናጢ ልጅ፣ አንዱ የቄስ ልጅ፣ ሌሎቹ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጆች። ያመጡልኝ እናቶቻቸው ናቸው። የጦር አፈሳው ከበረታ ወዲህ የቀበሌው ኪነት ቡድን መታወቂያ የያዘውን ወታደር አይነካውም። ስለዚህ የባሕር ዳር እናት ሁሉ ልጇ ዘፋኝ መሆኑን ድንገት ደረሰችበት። ብርቄ አደራሽን ይሉኛል፣ እግሬ ላይ ይወድቃሉ። የቡድኑ አሠልጣኝ እኔ ነኝ፤ እንዴት እምቢ እላለሁ? እኔም ልጅ አለኝ።

የእኔው ግን ዲዳ አይደለም። አንተነህ ዋሽንት ይነፋል። ልጄ ስለሆነ አይደለም የምለው። በየመጠጥ ቤቱ ዘፍኜ ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ ጆሮ አለኝ።

ሰዓት እላፊው መጠጥ ቤቶቹን ዘጋ። የሆቴሉ ባንድ ተበተነ። ጊታር መቺው ሰሜን ሄደ፣ ሳክስፎኑ ተሸጠ። ለሙዚቃ የቀሩት ቤቶች ሁለት ናቸው፤ ቀበሌና የአስፋው ካሴት ቤት። አስፋው ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ካሴት እየቀዳ ይሸጣል። ዛሬ መንገድ ላይ አስቆመኝና የአንተነህን ዋሽንት እንቅዳው አለ። ሹፌሮች ተሻምተው ይገዙታል፣ እስከ ጎንደርም እስከ ደብረ ማርቆስም ይደርሳል አለ። ባዶ ካሴት ከተገኘ ነው። ባዶ ካሴት ደግሞ ከስኳር ብሶ ጠፍቷል። ቢሆንም ደስ ብሎኝ ዋልሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 14። ማታ

ክራር መቺያችን ይበልጣል እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። የቀኝ ሌባ ጣቱ የለም። የትውልድ ቀየው መራዊ ያለው ቀበሌ ለጦር በስም ጠርቶት ነበር፤ እዚያ የእኛ መታወቂያ አይሠራም። ቃታ የሚስብ ጣት ከሌለ አይወስዱኝም ብሎ ቆረጠው።

በጥፊ መታሁት። ሁለቴ። ያ ጣት ያንተ ብቻ መሰለህ ወይ አልሁት፤ ስንት ዓመት ነው ያስተማርሁህ፣ ፈሪ፣ ክራሩን ገደልኸው አልሁት። ክራሩን አግዳሚው ላይ አጋድሞ ወጣ። ከወጣ በኋላ ወለሉ ላይ ደም አየሁ። የቄሱን ልጅ ጠርገው አልሁት። እስካሁን ንዴቴ አልበረደም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 16። ከቀትር በኋላ

ገበያውን ከበቡት።

ከሽንኩርት ሻጮቹ ጋ ነበርሁ። ታደለ ከእኔ አለፍ ብሎ። የቡድኑ አውራ ድምፅ እሱ ነው፤ ያለ ማይክሮፎን ከአዳራሹ እስከ ሐይቁ ዳር የሚሰማ። መታወቂያውን አወጣ። ወታደሩ አገላብጦ አየው። ዘፋኝ ነህ? በል ዝፈን አለው።

ታደለ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። እንደገና ሞከረ፤ የወጣው ሲርሲርታ ነው። ወታደሩ በሰደፍ አፉ ላይ አሳረፈበት። ጥርሶቹ መሬት ሲወድቁ አየኋቸው። ከዚያ ግርግር። የአንዲት ሴትዮ የበርበሬ ጆንያ ተረግጦ ፈነዳ፣ ሁሉም ያነጥሳል፣ ወታደሮቹም ያነጥሳሉ፣ ዓይናቸው ሲቃጠል ባሰባቸው፤ ያገኙትን ይወግራሉ። ጮህሁ። አንድ ሽማግሌ በነጠላዬ ጎትተው አስቀመጡኝ። ወታደሮቹ ታደለን በእግሩ ጎትተው መኪና ላይ ጫኑት።

ሁለቱ ዲዳዎቼ አጠገቡ ነበሩ። መታወቂያ አሳዩ፣ አለፉ። እነሱን ዝፈኑ ያላቸው የለም። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳጥብ ቆየሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 19

የቀበሌው ሊቀ መንበር አስጠራኝ። ኪነት የሸሺ መደበቂያ ሆኗል ተብሏል። ዓርብ ከክፍለ ሀገሩ አንድ ጓድ ይመጣል፣ እያንዳንዱን ለብቻው ይፈትናል። የማይችል ካለ ከአዳራሹ በቀጥታ ወደ ካምፕ። ሊቀ መንበሩ ይህን ሲነግረኝ መሬት መሬት ያያል። ከዲዳዎቼ አንዱ የእህቱ ልጅ ነው።

አንተነህ አያሳስበኝም። እሱ ፈተና ይለፍ አይለፍ አይባልም። የሚያስጨንቁኝ እነዚያ ናቸው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 21። ምሳ ሰዓት

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ደሴት ላይ ያስተምሩ ነበር። ተማሪ ዜማ ሲስት በጉማሬ አለንጋ ይሸነቁጡታል፤ እኔ ከአጥሩ ውጭ ተቀምጬ እሰማ ነበር፣ ዜማውንም ልቅሶውንም። ድምፅ ያልተሰጠውን ግን አያባርሩም። ከበሮ ያስይዙታል፣ ጸናጽል ያስይዙታል። ትናንት ትዝ አለኝ። ዲዳዎቼን ሁሉ ከዘፈን አውጥቼ ከበሮና እስክስታ ላይ አደረግኋቸው። የቄሱ ልጅ ከደብሩ ከበሮ ተውሶ መጣ፤ የቤተ ክርስቲያን መሆኑ እንዳይታወቅ ከበሮውን ቀይ ጨርቅ አለበስነው።

አለንጋ የለኝም። የማሲንቆ ደጋን አለኝ። ምት በሳቱ ቁጥር ክንዳቸው ላይ፣ ጀርባቸው ላይ። የቄሱን ልጅ ጆሮ አደማሁት። የአናጢው ልጅ መዳፉ ተልጦ የከበሮውን ቆዳ ደም ነክቶታል፤ ቀጥል አልሁት። አለቀሰ። ቀጥል። ደጋኑ ሲሰበር በእጄ መታሁ። እጄ የአባቴን እጅ ይመስላል፣ ዛሬ ነው ያየሁት።

አንተነህ ጥግ ቆሞ ያየኛል። ምን ታያለህ አልሁት።

ዓርብ፣ ኅዳር 22። ማታ

ታገሽኝ፤ ዛሬ ብዙ ነው የምጽፍልሽ።

ጓዱ ካኪ ለብሶ መጣ። ሰው ላይ አይጮህም፣ አይሳደብም። እርሳስ ይዞ ቁጭ። አንድ በአንድ። የቄሱ ልጅ አለፈ። የሊቀ መንበሩ የእህት ልጅ አለፈ፤ ትከሻው ከየት እንደመጣለት እንጃ። የአናጢው ልጅ ግን የተላጠው መዳፉ አልታዘዝ አለው፤ ምቱ ጠፋበት። በኮሌታው አንጠልጥለው ወሰዱት። እናቱ ውጭ በብረት በሩ ግንባሯን ትመታለች፤ ድምፁ አዳራሹ ውስጥ ይሰማል። ያን መዳፍ የላጥሁት እኔ ነኝ።

አንተነህን መጨረሻ አድርጌው ነበር። ማሳረጊያ እንዲሆን። ያለህን ሁሉ አውጣ አልሁት። ነፋ። ያን የሐይቁን ዜማ፣ ደንገል ውስጥ ተቀምጦ ሲነፋ ያገኘውን። ጓዱ እርሳሱን አስቀመጠ። ዓይኑን ጨፈነ። ሲያልቅ ወደ እኔ ዞረ።

«ጓዲት፣ ይህ ልጅ እዚህ ምን ይሠራል? ክፍለ ጦሩ ዋሽንት ነፊ የለውም። ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሰሜን በሚሄደው መኪና ይወጣል።»

ተጨበጨበ። ሊቀ መንበሩ እንኳን ደስ ያለሽ ብሎ ጨበጠኝ። ዲዳዎቼ ተረፉልኝ፣ ከአናጢው ልጅ በቀር። የሚችለውን ወሰዱት። እኔ ሞኝ፣ የሚችል ይድናል ብዬ!

ቅዳሜ፣ ኅዳር 23

ደስ ብሎታል። ይህን ምን ልበለው? አንተነህ ደስ ብሎታል። የክፍለ ጦሩ ኪነት ድምፅ ማጉያ አለው፣ አስመራ ትልቅ መድረክ አለው። እዚህ ምን አለኝ ይላል፤ ለዲዳ ሠራዊትሽ ሳጅብ ልኑር?

አምና ከዚህ የሄዱትን ቆጠርሁለት፣ ስም በስም። አንድም የተመለሰ የለም። እነሱ ወታደር ናቸው፣ እኔ ሙዚቀኛ ነኝ አለኝ። በማማሰያ መታሁት። ሁለተኛ ስሰነዝር አንጓዬን ያዘኝ፣ አጥብቆ። እጄን ይዞብኝ አያውቅም። ሁለታችንም ደነገጥን። ለቀቀኝና ወደ ሐይቁ ሄደ። አንጓዬ በልዟል።

እሑድ፣ ኅዳር 24። ማታ

በተራ ልጻፈው።

ጠዋት አንተነህ ለታደለ ስንቅ ይዞ ካምፑ ድረስ ሄደ። ረፋዱ ላይ ተመለሰ። ውሃ ጠጣ፣ ተቀመጠ። በኋላ በገዛ ፈቃዱ ነገረኝ። ታደለ አፉ አብጦ ቃሉ አይለይም። እዚያ ያገኘው አንድ ቁስለኛ አሥር አለቃ ለአንተነህ እንደነገረው የክፍለ ጦሩ ሙዚቀኛ ሲደርስ መጀመሪያ የሚሰጠው ጠመንጃ ነው፤ ዋሽንቱ ለበዓል ቀን ይወጣል። ከዚህ በፊት የነበረው ዋሽንት ነፊ ከከበሮ መቺው ጋር በአንድ ጉድጓድ ነው የተቀበረ። ይህን እያወሩ ሳለ አንዱ ምልምል አጥር ላይ ወጣ። ተኮሱበት። ሽቦው ላይ ተንጠልጥሎ እያለ የቀሩትን አሰልፈው ዘምሩ አሏቸው።

«ዘመሩ እኮ እማየ። ታደለ ያለ ጥርስ ዘመረ።»

ከዚያ ወዲህ ስለ አስመራ መድረክ አላነሳም።

ከሰዓት ይበልጣል ጋ ሄድሁ። ከዓባይ ድልድይ ማዶ አክስቱ ቤት ነው ያለው። በጥፊ የመታሁት ልጅ ነው። ክራር ገዝቷል፣ አሮጌ። ጅማቶቹን ፈትቶ በግራ እጁ እንዲመታው አድርጎ ይወጥራል። ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ። ጠየቅሁት። ጣቱን በምን እንደቆረጠው፣ ደሙን በምን እንዳቆመው። ለማን ነው አላለኝም። ገባው።

«በፋስ ነው እትየ ብርቄ፣ ከበሩ ደፍ ላይ። አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን። የደገሙት እንደሁ ልብ ይከዳል።»

የታሰረውን እጁን ሳምሁት። አልነጠቀኝም።

ዋሽንት አራት ቀዳዳ ነው፤ ሁለቱ ለግራ፣ ሁለቱ ለቀኝ። የቀኝ ሌባ ጣት ከሄደ ጠመንጃውም ዋሽንቱም አንድ ላይ ይሄዳሉ። ለምንም የማይሆን ሰው ይሆንላቸዋል። ራሱን ያጎደለ ይታሰራል ይላሉ። እንጨት ሲፈልጥ ሳተው እላለሁ፤ ካላመኑኝ ይታሰር። እስር ቤት ስንቅ ይገባል።

ማታ ነገርሁት። አልጮኸም። ቀኝ እጁን አገላብጦ አየው፣ ደጋግሞ። በኋላ «እኔ አልችልም፤ አንች ነሽ የምታደርጊው» አለኝ። «በፊት ግን አስፋው ይቅዳኝ።»

ሰኞ፣ ኅዳር 25። ከቀኑ ስምንት ሰዓት

መኪናው ነገ ጠዋት ነው።

ጠዋት ፋሱን አናጢው ጋ ወሰድሁ፣ ልጁን ዓርብ የወሰዱበት። እጁን ላጥሽው አላለኝም። ምን ልትፈልጭ ነውም አላለኝም። ሲስለው ቆየ፣ በአውራ ጣቱ ሞከረው፣ እንደገና ሳለው። አመሰገንሁት፤ ቀና ብሎ አላየኝም።

አስፋው ቴፑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መጣ። ባዶ ካሴት አላገኘም። ስመ ጥር ከሆነ የአዲስ አበባ ዘፋኝ ካሴት አንደኛውን ገጽ አጥፍቶ ነው የመጣው። ይህን ሽጬው ብዙ አተርፍበት ነበር ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ፣ ከዚያ ፊቱን አዞረ። ያውቃል። ነግሬዋለሁ።

ጓዳ ገቡ። እኔ በሩ ደፍ ላይ ነኝ፣ አንችን ጉልበቴ ላይ አድርጌ። ፋሱ አጠገቤ ነው። የታጠበ ነጠላ ቀድጃለሁ። ምድጃው ላይ ደሙን የሚያቆም ዘይት ጥጃለሁ።

የመጀመሪያውን ነፋ። ትንሽ ፈጠነ፣ ፈርቷል። ሁለተኛው ጥሩ ነው። መካከሉ ላይ የፋብሪካው ጡሩንባ ጮኸ፤ ካሴቱ ላይ ገባ፣ አንተነህ ግን አላቋረጠም። ሦስተኛው የሠርግ ነው። ይህን እኔ ነኝ ያስተማርሁት፣ ገና ትንሽ ሳለ፣ በአፌ እያፏጨሁ። አንድ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ይስት ነበር። ዛሬ አልሳተውም።

አስፋው በበሩ ብቅ ብሎ በጣቶቹ ትንሽ መቅረቱን አሳየኝ። ገጹ ሊያልቅ ነው።

የሐይቁን ጀመረ። ረጅም ነው ይህ። እግዜር ያርዝመው። ሹፌሮቹ በየመንገዱ ይከፍቱታል፣ ሻይ ቤት ይሰማል፣ ማን እንደነፋው የሚያውቅ አይኖርም። እሱም አንድ ቀን መንገድ ላይ ይሰማዋል። ይስማው። በሕይወት ሆኖ ይስማውና እኔን ይርገመኝ። እጄን አየሁት፣ አይንቀጠቀጥም። አንድ ጊዜ ብቻ።

ቴፑ ቀጭ አለ።

አስፋው ይለምነዋል። ልገልብጠው ይላል፣ ሁለተኛውንም ገጽ አጠፋዋለሁ፣ ሌላ ግማሽ ሰዓት አለ፣ ንፋ ልጄ ይላል። አንተነህ ይበቃል አለው። ዋሽንቱን ቴፑ ላይ ሲያስቀምጠው ሰማሁ። እየመጣ ነው፣ የቀኝ እጅጌውን ወደ ላይ እየሰበሰበ።