የ«ሩ» ፊደል ወደ ባለቤቷ እንድትመለስ

ለክቡር አቶ ኩራሞቺ፣
የሺዮሚ የገበያ መንገድ ነጋዴዎች ማኅበር ሊቀመንበርና የሐሙስ የካራኦኬ ቡድን የበላይ ጠባቂ

ክቡር ሆይ፣

ልብስ በማይደርቅበትና ጉልበት በሚቆረጥምበት በዚህ የዝናብ ወር፣ ለጤናዎ፣ ለወገብዎና ከሁሉ በላይ ዘፈን ለማይሰለቸው ጉሮሮዎ መልካሙን ሁሉ እየተመኘሁ፣ በሚያዝያ ለተቀበሉት ወንበር ዘግይቼም ቢሆን «ሹመት ያዳብር» ማለቴን ይቀበሉኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። እርስዎ ግን ለቁጭት የሚሆን ነገር እንዳላስተረፉ ማኅበርተኛው ሁሉ ያየው ነውና በዚህ በኩል ልቤ ያረፈ ነው።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ልልክልዎ እችል ነበር። ነገር ግን የመቀመጫው ለውጥ የታወጀው ቤት ለቤት በሚዞረው የማስታወቂያ ሰሌዳ ስለሆነ፣ የእኔም አቤቱታ በዚያው ሰሌዳ ላይ ተያይዞ፣ ጎረቤት ሁሉ እያነበበና ማኅተሙን እያሳረፈ ለቀጣዩ ቤት ሲያሳልፈው ቢደርስዎ ለክብርዎ የሚመጥን መሰለኝ።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና፣ ለእርስዎ ሳይሆን በቅርቡ ወደ መንገዳችን ለመጡት የብስክሌት ጠጋኙ ቤተሰቦች ስል የሐሙሱን ጨዋታ በአጭሩ ላስረዳ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከሻይ ቤቱ ፎቅ ላይ ተሰብስበን ዘፈን እናያይዛለን። አንዱ የዘፈነው ዘፈን ርእስ ባለቀበት ፊደል የሚጀምር ሌላ ዘፈን፣ ቀጥሎ የተቀመጠው ሰው አግኝቶ መዝፈን አለበት። ያጣ ሰው ያን መራራ የጎመን ጭማቂ ይጠጣል። «ካ» ወይም «አ» የደረሰው ሰው ዘፈን አይቸግረውም። በ«ሩ» የሚጀምር የጃፓን ዘፈን ግን በጣት የሚቆጠር ነውና፣ «ሩ» የደረሰው ሰው ጭማቂውን ከወዲሁ ቢያሸት ይሻለዋል። ስለዚህም ጨዋ ሰው ለጎረቤቱ ቀላል ፊደል ማሳለፍ የቡድናችን የቆየ ልማድ ነው።

እርስዎ ለእኔ ቀላል ፊደል አሳልፈው አያውቁም ነበር። አቤቱታዬም ከዚህ ይነሣል።

፩. ስለ መቀመጫው። ቀድሞ የምንቀመጠው እንደ አመጣጣችን ነበር። የእኔ ላውንደሪ ቤት ከሻይ ቤቱ ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ፣ ደረጃው በእርስዎ እግር ሲንቋቋ እሰማና ካውያውን ነቅዬ እከተልዎ ነበር። ከእርስዎ በስተግራ ያለው ወንበር የእኔ የሆነው በሹመት ሳይሆን በዚህ መንገድ ነው። ክቡርነትዎ ግን በተሾሙ ማግስት፣ «ለፍትሐዊነት ሲባል» ሰው ሁሉ ሰሌዳው በሚዞርበት የቤት ተራ እንዲቀመጥ ደነገጉ። በዚህ ፍትሕ መሠረት እኔ ከጸጉር አስተካካዩ ከአቶ ኦጊኖ ቀጥዬ ከበሩ አጠገብ ተወረወርሁ። ከእርስዎ ቀጥሎ ደግሞ፣ መቼም እግዜር ሲያገጣጥም ነው፣ በመጋቢት የመነጽር ሱቅ የከፈቱት ወይዘሮ ሺራናሚ ተቀመጡ። ፍትሕ እንዲህ ያለ ደስ የሚል ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር።

በሰሌዳው ላይ የእኔም ማኅተም እንዳለ እንደሚያስታውሱኝ አውቃለሁ። አዎን፣ በገዛ እጄ አትሜበታለሁ። ሰሌዳ ያለ ማኅተም ማሳለፍ ነውር ነው ተብዬ ስላደግሁ፣ ሳነበው ዓይኔ እየቃጠለኝ፣ ቀጥ አድርጌ፣ ቀለሙ ሳይፈስ አተምሁ። ማኅተሙ «አይቻለሁ» ይላል። «ደስ ብሎኛል» ግን አይልም።

፪. ስለ አቶ ኦጊኖ። እኚህ ሰው ደግ ናቸው፤ ችግሩም ይኸው ነው። ዘፍነው በጨረሱ ቁጥር ወደ እኔ ዞረው «ፉሚኤ ሳን፣ እንዳትቸገሪ ብዬ ቀላሏን መርጬልሻለሁ!» ይሉኛል። እንደ ሕመምተኛ ለስላሳ ለስላሳውን እያጎረሱኝ፣ ከሚያዝያ ወዲህ ያን ጭማቂ አንድ ቀን እንኳ አልቀመስሁም። ለዚህ ምቾት ያበቃኝን አስተዳደርዎን ከልብ አመሰግናለሁ።

፫. ስለ «ሩ» ፊደል። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ በ«ሩ» የሚያልቅ ርእስ ያለው ዘፈን ሁልጊዜ በእጅ አይገኝም፤ ፈልጎ ማጥናት ይጠይቃል። እርስዎ እኔን ለማስጨነቅ ሲሉ ያላጠኑት ዘፈን አልነበረም። የመርከበኛውን አጥንተዋል፤ ለሙሽራ የሚዘፈነውን አጥንተዋል። አንድ ቀንማ ያን የሚያህል የሩዝ ነጋዴ ተነሥተው፣ የልጃገረዶች ቡድን የሚዘፍነውን ዘፈን ከነእጅ እንቅስቃሴው፣ ከነመሽኮርመሙ ዘፈኑት፤ ለምን ቢሉ ርእሱ በ«ሩ» ስለሚያልቅ ብቻ። ቤቱ በሳቅ ሲፈርስ እርስዎ ላብዎን ጠርገው ማይኩን አቀበሉኝና፣

«እንግዲህ ፉሚኤ ሳን! ሩ! ዛሬስ ከየት ሊያመጧት ነው?» አሉኝ።

«ከመሬት ቆፍሬም ቢሆን አመጣታለሁ፤ እርስዎ ብቻ ሻይዎን ይጠጡ!» አልሁዎ።

እውነትም ቆፈርሁ። ሸሚዝ እየተኮስሁ በሬዲዮ በ«ሩ» የሚጀምር ዘፈን ሳድን፣ ካውያው የነጭ ሸሚዝዎን ኮሌታ አቃጠለው። ልክስዎ ብል እምቢ ብለው፣ የተቃጠለውን ለብሰው ሐሙስ መጡ። እኔ ያን ቀን ማይክ ይዤ የዘፈንሁት ኮሌታዎን እያየሁ ነበር።

ሁለታችንም ማታ ለአንድ ሰው ብቻ ሩዝ የምንቀቅል ሰዎች ነን። ሰው ለአንድ ሰው ብሎ ሳምንቱን ሙሉ ዘፈን ሲያጠና፣ እኔ ነገሩን ማስጨነቅ ብዬ አልጠራሁትም። ምን ብዬ እንደጠራሁት በሰሌዳ ላይ አልጽፍም።

፬. ስለ ባለፈው ሐሙስ። ባለፈው ሐሙስ ክቡርነትዎ ሰምቼው የማላውቀውን ዘፈን ዘፈኑ። መጨረሻው እንደ ሰሞኑ ሁሉ «ሩ» ነበር። ቀጣይዋም ወይዘሮ ሺራናሚ ነበሩ። ዘፈኑን መቼ አጠኑት? ከማን ሰሙት? በሱቅዎ በር ባለፍሁ ቁጥር የሚያፏጩት የድሮውን ነበር፤ አዲሱ ከእኔ ጆሮ ተደብቆ የተጠና ነው። ወይዘሮዋ የማሽኑን የዘፈን ዝርዝር ሲያገላብጡ ቆይተው አጡ፤ ጭማቂው ተቀዳ። እርስዎም ብድግ ብለው እያጨበጨቡ «እስከ ጠብታዋ! እስከ ጠብታዋ!» አሉ።

እነዚያ ቃላት የእኔ ነበሩ፣ ክቡር ሆይ። እኔ ያን መራራ ነገር በቁሜ ስጨልጥ የተባሉ፣ ለእኔ የተባሉ ናቸው። ቀንቻለሁ። ይኸው ጻፍሁት፤ የብስክሌት ጠጋኙም ባለቤት ያንብቡት። ከበሩ አጠገብ ተቀምጬ፣ ቀላሏ «ካ» እንደ ሎሚ ከረሜላ አፌ ውስጥ እየሟሟች፣ የሌላ ሰው ጭማቂ አስጎመጀኝ።

ከዚህ በላይ ዘርዝሬ ጊዜዎን አልሻማም። ለአስተዳደርዎ ያለኝን ምስጋና ግን ሳልገልጽ ማለፍ ነውር ይሆንብኛል። ከበሩ አጠገብ ስላስቀመጡኝ ንጹሕ አየር አገኛለሁ። ከመራራው ስላዳኑኝ ጨጓራዬ ተሽሎታል። ጥናት ስለቀረልኝም ሸሚዝ አላቃጥልም፤ ደንበኞቼ በሙሉ ያመሰግኑዎታል። የምጠይቀውም ትንሽ ነው፦ ወንበሩ ወደ ቦታው፣ «ሩ»ም ወደ ባለቤቷ ይመለሱ። ያጠናኋቸው ዘፈኖች አሁንም አሉኝ። የሚያስፈልገኝ የሚያስጨንቀኝ ሰው ብቻ ነው።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለሩዝዎ ከነቀዝ መጠበቅን፣ ለፍትሕዎም እንደ እስካሁኑ መልከ መልካም ጎረቤት አለማጣትን እየተመኘሁ፣ ከበሩ አጠገብ ሆኜ ወገቤን እስከሚችለው ጎንበስ አድርጌ እጅ የምነሣ፣

ትሑት ማኅበርተኛዎ
ሃማሳኪ ፉሚኤ
ከሻይ ቤቱ ጎን ያለው ላውንደሪ ቤት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ወይዘሮ ሺራናሚ ማክሰኞ ካፖርታቸውን ለማሳጠብ መጥተው ነበር። ዓይናቸው ቀልቶ፣ «ፉሚኤ ሳን፣ እኔ ሊቀመንበሩን ምን በድያቸው ነው? ሁልጊዜ ሩ! ሁልጊዜ ሩ! በጣም ጠልተውኛል መሰለኝ፤ ከሐሙሱ ልቀር ነው» አሉኝ። እኔም ደረሰኛቸውን ሰጥቼ «ቅዳሜ ይደርሳል» አልኋቸው። «ሩ» ከእርስዎ አፍ ስትወጣ ምን ማለት እንደሆነች የሚያውቅ በዚህ መንገድ ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አሁን ሰሌዳውን ያነበበ ሁሉ ያውቃል። ለእርሳቸው ግን ገና አልደረሰም፤ ሰሌዳው ከእርስዎ ቀጥሎ የሚሄደው ወደ እርሳቸው ቤት ነውና። እንግዲህ እርሳቸውም እንዲያውቁ ከወደዱ፣ ማኅተምዎን አድርገው ማሳለፍ የእርስዎ ተራ ነው። ሰሌዳው እርስዎ ዘንድ ከቀረ ግን፣ ሐሙስ ደረጃው ሲንቋቋ እሰማለሁ፤ ካውያውን ነቅዬም እንደ ድሮው እከተልዎታለሁ።