የሳሊህ ንቦች

መጋቢት 24 ቀን 2011
ዛሬም ሙቀት። ዱባውን ሳጠጣ የአሠሪዬ የሀጃ ኒዕማ ልጅ ሳሊህ እየሮጠ መጣ። «ያ ዘኪያ፣ እዚህ ጥግ ውሃ አታፍስሺ። ንቦች አሉ።» መሬቱ ላይ ሰባት ትንንሽ ቀዳዳ አሳየኝ። ቀፎ የላቸውም፣ እያንዳንዷ በየራሷ ጉድጓድ ነው የምትኖረው አለ። እርሻ ስለሚማር ያውቃል። ዱባው ያለ እነሱ አያፈራም አለ። ወንዱን አበባ ሴቷ ላይ አሽቶ ሥራቸውን አሳየኝ። ሳቅኩ። ብቻዋን የምትኖር ንብ የት አየሁና… እኔስ ብቻዬን አይደለሁ?

መጋቢት 30
ሳሊህ መንግሥት ይውረድ የሚሉት ሰልፈኞች ጋ ሄደ። የጦሩ ጠቅላይ ሰፈር በር ላይ ተቀምጠዋል። ሲወጣ ዞሮ «ንቦቹ አማና፣ አደራሽን» አለኝ። ስለ እናቱ አንድ ቃል የለም። ጉድ ነው።

ሚያዝያ 14
ሀጃን ሳል ከያዛቸው ሦስት ሳምንት። አቧራው ነው… እኛ አገር ወሎ ደረቱን የታመመ የጣዝማ ማር ይቀምሳል። ጣዝማም መሬት ውስጥ ነው የምትኖረው። ታዲያ እነዚህስ?

ሀጃ ሲተኙ በማንኪያ ቆፈርኩ። ማር የለም። አተር የምታክል ቢጫ ሊጥ፣ ላይዋ ላይ ነጭ ትል። ሌላውን ቆፈርኩ። ያው። ሰባቱንም ጨረስኩ። በመጀመሪያው ብተው ምን ነበረበት? አፈሩን መልሼ በእግሬ ረገጥኩት።

ሚያዝያ 26
ሳሊህ ልብስ ሊቀይር መጣ። ከስቷል፣ ዓይኑ ግን ይስቃል።
«ንቦቼስ?»
«ደህና ናቸው።»
ወላሂ አላልኩም፣ እሱ ይቆጠርልኝ። «ዱባው ሲያፈራ ለጓደኞቼ ትቀቅይልኛለሽ፣ ኢንሻላህ» አለ። ጥጉን ሳያይ ሄደ። ደስ አለኝ።

ግንቦት 27
ዒድ። ማን ያከብራል? ትናንት ንጋት ላይ ወታደሮቹ የተቀመጡትን ሰልፈኞች ተኩሰው በተኗቸው። የሳሊህ ስልክ ዝግ ነው።

ሰኔ 10
ከሀጃ ጋር ከሆስፒታል ሆስፒታል። ከተማው ዳር ሶባ ድረስ። ከቆሰሉትም ከሞቱትም ውስጥ የለም።

ስንመለስ የዱባው አበባ ረግፏል። ሀጃ አንዱን አነሱ። «ለምን አያፈራም?» ነገርኳቸው… ሁሉንም። ውሸቴንም። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። «ለኔ ሳል?» ብቻ አሉ። ስድቡ ይሻለኝ ነበር።

ሰኔ 12
በጠዋት ወንዱን አበባ ቀጥፌ ሴቷ ላይ አሸሁ፣ ሳሊህ እንዳሳየኝ። ሀጃ ወንበር አስወጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። «ቀስ በይ» ይላሉ።

ሐምሌ 5
አንዲት አበባ ፍሬ ይዛለች። አንዲት ብቻ።

ነሐሴ 2
አንዲት ንብ መጣች። ጥጉን ዞራ ዞራ አየችው። ሄደች።

ነሐሴ 11
ወታደሮቹና ሲቪሎቹ ሥልጣን ሊጋሩ ተፈራረሙ አሉ። መንገዱ እልልታና የመኪና ጡሩምባ ብቻ ነው። ሀጃ በሩን ዝጊው አሉኝ።

ዱባው በስሏል፣ ሐረጉ ደርቋል። ቢላዋ ይዤ ስወጣ አዩኝ። «አትቁረጪው። ሳሊህ ሲመጣ።» ቢላዋውን መለስኩ። ዱባውን ገልበጥ ሳደርገው ታቹ ለስልሶ መበስበስ ጀምሯል። ደረቅ ሳር ጎዘጎዝኩለት፣ የለሰለሰውን ጎን ወደ መሬት አዞርኩት።

«ደህና ነው?» አሉ ሀጃ ከበረንዳው።
«ደህና ነው» አልኩ።