ጥር ያለ እንጀራ

ጥር 15፣ ሐሙስ፣ ጠዋት

እንቁላል። ዛሬም እንቁላል። በቅቤ የተጠበሰ፣ ከጎኑ ጎመን። ዳቦ የለም። ሻይ ያለ ስኳር፤ አፌ ገና አልለመደውም፣ መድኃኒት የምጠጣ ይመስለኛል። ደብተሬ፣ እኔ ዘነበች እንጀራ ተውኩ ብልሽ ታምኚኛለሽ? ጥምቀትን እንኳ ድፎ ዳቦ ሳልቀምስ አለፍኩ!

ነገሩን ያመጣችው ሙኒራ ናት። ሸማ ተራ ከነጠላ ሱቄ አጠገብ ጋቢ ትሸጣለች። ቲክቶክ ላይ አይታ። ኬቶ ይሉታል፤ እህልና ስኳር ትተዪያለሽ፣ በስብ ትኖሪያለሽ። እሷ ውፍረቷን ልትቀንስ፣ እኔ የስኳር በሽታዬን ላስታግስ።

ራሴን እየፈለጠኝ ነው። ሙ. (እንዲህ ላሳጥራት) ጨው ያለው የአጥንት መረቅ ጠጪ አለች። ጠጣሁ። እውነትም ለቀቅ አደረገኝ።

ጥር 16፣ ዓርብ

ጾም። ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ፣ እንጀራም የለ። ምን ቀረ? ጎመን በዘይት፣ ለውዝ፣ አቮካዶ። አትክልት ተራ ወርጄ አቮካዶ ስመርጥ ሻጩ ጁስ ቤት ከፈቱ እንዴ እትዬ አለኝ። ሳቅሁ። ሆዴ ግን አልሳቀም፤ ደርቆ ከርሟል። ሙ. ተልባ አለች። ለሁሉም መልስ አላት።

ጥር 20፣ ማክሰኞ

ቀሚሴ ሰፋ! በመርፌ ቁልፍ ይዤው ዋልኩ። ጠዋት ጣቴን ወግቼ ስኳሬን ለካሁ፤ ወርዷል። ከምሳ በኋላ ማንጎላጀት ቀረ። ድሮ ገበያተኛ ነበር የሚቀሰቅሰኝ።

አንድ ጣጣ ብቻ። አፌ ይሸታል፤ ኬቶው ነው አሉ። አንዷ ደንበኛ ነጠላ ሳሳያት ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ በመጨረሻ ከሱቁ ወጣች። ሙ. ከሱቋ ሆና፦ «ዘኑ፣ ከሩቅ ሆነሽ ሽጪ!» የሷ የማይሸት መስሏታል። ሁለታችንም ቅርንፉድ ስናኝክ ዋልን።

ምሳ አብረን። ሥጋው የየራሳችን፣ የክርስቲያንና የእስላም፣ በየሳህናችን። አይቡና ጎመኑ ግን መሐል ላይ፣ እንደ ድሮው። በልተን ሳንጨርስ በሳቅ ሞትን።

ጥር 25፣ እሑድ

ባሌ ታደሰ አኮረፈ። ከራጉኤል ተሳልመን ተመለስን፤ ዶሮ ወጥ አቀረብኩ። ለእሱ በእንጀራ፣ በትሪው። ለእኔ በሳህን፣ በማንኪያ። ሁለት ሦስቴ ጎርሶ ተወው። ጨው በዛ? ብለው የለም አለ። ቆይቶ፦

«ዘነበች፣ ከተጋባን ጀምሮ ከአንድ ትሪ ነው የበላነው። አሁን ሆቴል ገብቼ ከማላውቀው ሰው ጋር የተቀመጥኩ መሰለኝ።»

ሳቅሁ። ባሌ አልሳቀም። ስኳሬ ወረደ እኮ አልኩት። በእሱማ ደስ ብሎኛል አለ፤ እውነቱን ነው፣ ፊቱን አውቀዋለሁ። ብቻውን ሲበላ ግን አይወርድለትም።

ተናደድኩ። ለጤናዬ ብዬ እንጂ ለጌጥ መሰለው? ከዚያ አሳዘነኝ። ትሪውን ሳነሳ ከወጡ ብዙው አልተነካም።

ጥር 29፣ ሐሙስ

ሰው አስደነገጥኩ ዛሬ። ቁርስ ሳልበላ ወጣሁ፤ አይርበኝም ብዬ ኮርቼ። የስኳር ኪኒኔን ግን ውጫለሁ። ለአንዲት የሙሽራ እናት ጥበብ ስዘረጋ እጄ ተንቀጠቀጠ። ላብ አጠመቀኝ። ዓይኔ ጨለመ። ዘፍ አልኩ፣ ደግነቱ የነጠላ ክምር ላይ።

ሙ. ስኳር የበዛበት ሻይ ይዛ እየሮጠች መጣች። እኔ፣ በዚያ ሁኔታ፣ ኬቶ ነኝ አልጠጣም ብያለሁ አሉ!

«ኬቶሽ ገደል ይግባ፣ ጠጪ!»

ጠጣሁ። ቀስ በቀስ ዓይኔ ተገለጠ። ሙ. ታለቅሳለች። እኔ ጥበቡ ላይ ሻይ ፈሰሰ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አልፈሰሰም። የሙሽራዋ እናትም ሳትከራከር ገዛች፤ አዝናልኝ መሰለኝ።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ሐኪም ቤት። ታደሰ ሥራውን ትቶ ወሰደኝ። ዶ/ሯ ወጣት ናት፣ ጨዋ፣ ግን አልማረችኝም። ኪኒኑ ስኳር ያወርዳል፣ እህል መተዉም ያወርዳል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሰው ይጥላሉ አለች። «ሳይነግሩኝ ለምን ጀመሩ፣ እትዬ?» ኪኒኑን ቀነሰችልኝ። ለምርመራ ደም አስቀዳችኝ። ሙ.ም ትመርመር ብላለች።

ወጥተን ታደሰ እጄን ይዞ አስፋልቱን አሻገረኝ። ያልለመደውን።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

ውጤት መጣ። ስኳር፣ ደህና። ግፊት፣ ደህና። ክብደት፣ ቀንሷል። እልል ልል ስል ዶ/ሯ ቆይ አለችኝ። መጥፎው ኮሌስትሮል ወጥቷል። ቅቤው ሳይሆን አይቀርም፤ አንዳንዱን ሰው እንዲህ ያደርገዋል አለች። የሙ. ግን ንክች አላለም! ቅቤውን ከእኔ እኩል ስትጠጣው ከርማ። ፍርድ የለም።

ቅቤ ይቀነስ፤ ዘይት፣ ለውዝ፣ አቮካዶ ይብዛ። ምስርና ሽሮ ይበላ። እንጀራም በልኩ። ዳቦው፣ ለስላሳው፣ ስኳሩ ግን እንዳይመለሱ።

ዓቢይ ጾምስ? አልኩ ፈራ ተባ እያልኩ። እስከ ስንት ሰዓት እንደምቆይ ጠየቀችኝ፤ የኪኒኑን ሰዓት በዚያው አስተካከለች። እጄ ከተንቀጠቀጠ ወዲያው ልቀምስ ቃል አስገባችኝ። ገባሁ።

የካቲት 16፣ እሑድ፣ አመሻሽ

ቅበላ። ነገ ጾም ይገባል። የሙ. ረመዳንም ደርሷል፤ ሳምቡሳ ትቼ ጾም አልፈታም፣ ኬቶው ከዒድ በኋላ ይጠብቀኝ ብላለች። እኔ ግን ወስኛለሁ። ኬቶ በቃኝ። ልኩን ይዤ እበላለሁ፤ ቀሚሴንም በልኬ አስጠብበዋለሁ።

ለታደሰ ነገርኩት፦ ከዛሬ ጀምሮ አብረን ነን፣ በእኔ በኩል እንጀራው ትንሽ፣ ጎመኑ ብዙ። ተነስቶ በርጩማዬን ከሱ አጠገብ አደረገ። አሁን እጁን ታጥቦ ጉርሻ ይዞ ይጠራኛል፤ ትንሽ ነው፣ ዶክተሯ አትቆጣም ይለኛል። ትንሽ! ከዚህ ሆኜ ሳየው የሱን ጡጫ ያክላል። ደብተሬ፣ ቆይ፣ ወጡ እየተንጠባጠበ