በፍሪ የወረድነው ቁልቁለት

ጥቅምት 6

ደንበኛ ቤት ሁለት መጋረጃ ሰቀልኩ። አንዱ አጠረ፤ ነገ ይፈታል። ከሰዓት አባዬን ለኩላሊት እጥበት ወሰድኩት። የመኪናዋ ቻርጅ ስንወጣ መቶ፣ ስንመለስ አሥራ አንድ። የሸጠልኝ ሰውዬ «በአንድ ቻርጅ ሁለቴ ደርሰሽ ትመለሻለሽ» ብሎኝ ነበር። አንዴውም በጸሎት ሆነ።

አባዬ ግን ሲሄድም ሲመለስም ደስ ይለዋል። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ሰው... በቤታችንና በሆስፒታሉ መሃል ያለው ተራራ ጫፍ ላይ ስንደርስ እጁን ያነሳል። «በይ ፍሪ!» ማርሹን ፍሪ አደርጋለሁ፤ እስከ ታች በገዛ ክብደቷ ትንከባለላለች። መንዳት ሲያስተምረኝም እንዲሁ ነበር። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ የሚያቃጥል ሹፌር አይባልም ይላል።

«አባዬ፣ የኤሌክትሪክ መኪና እኮ ናት፤ ምን ነዳጅ አላት?»

«የምትበላው ምንም ይሁን፣ ቆጥቢላት።»

«ስልኳ» ነው የሚላት፣ በቻርጅ ስለምትሠራ። ገመዷን በእጁ ነክቶት አያውቅም። ማታ ማታ ብቻ ከአልጋው ሆኖ፣ «ስልኳን ሰክተሻታል?»

ሰክቻታለሁ አባዬ።

ጥቅምት 9

ጠዋት ስልኳ ድርቅ ብላ ጠበቀችኝ። በሩ እንኳ አይከፈትም። ለካ ትልቁ ባትሪ ሞልቶ ትንሹ ባትሪ ሲወድቅ እንዲህ ትሆናለች። ትንሽ ባትሪ እንዳላት ማን ነገረኝ? ተገዛላት። ባለፈው ጎማ፣ አሁን ይኼ... ከባድ ስለሆነች ጎማ ትጨርሳለች አሉኝ። ያገለገለ መኪና ይረክሳል ያለው ማነው?

እህቴ በስልክ፦ «የቤንዚን ግዢ ብዬሽ አልነበር?»

ብላኛለች።

ጥቅምት 13

ጋራዥ። የሰፈራችን መካኒኮች ኮፈኗን ከፍተው አዩና፣ እንዳይነዝራቸው ፈርተው መልሰው ዘጉት። የኤሌክትሪክ የሚሠራው ዘንድ ሄድኩ። ኮምፒውተር ሰካባት። አንገቱን ነቀነቀ።

«እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ? ባትሪው አርጅቷል። መቀየር ይቻላል፤ ግን ከመኪናዋ ባትሪዋ ይወደዳል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ሳትቆምብሽ ሽጫት።»

ማሳያዋ ላይ ያለውን የውጭ አገር ጽሑፍ ምን እንደሚል ጠየቅሁት። እሱም ፊደሉን አያነበውም። ተሳሳቅን።

ከዚያ መኪናዋ ውስጥ ቁጭ አልኩ፤ መነሳት አቃተኝ። ከሸጥኳት አባዬ በምን ይመላለሳል? ታክሲ ውስጥ ተጠቅጥቆ? ከእጥበት ሲወጣ ያዞረዋል፣ ያስመልሰዋል። በሳምንት ሦስቴ ኮንትራት ታክሲ ደግሞ በመጋረጃ ስፌት አይሆንም...

ጥቅምት 17

መብራት ጠፍቶ አደረ። ስልኳ ሳትሞላ ወጣን። ስንመለስ ማሞቂያ ዘጋሁ፣ ሬዲዮ ዘጋሁ። አባዬን በጃኬቴ ሸፈንኩት። ዳገቱ መሃል፣ ማሳያዋ ላይ የኤሊ ሥዕል በራ፤ ቻርጇ ሊያልቅ ነው። ኤሊ! በእግር የሚሄዱት ቀደሙን። ከኋላ ጥሩምባ በጥሩምባ ሆነ።

«ልውረድና ልግፋ?» አለኝ አባዬ።

ያለ ሰው ድጋፍ መቆም የማይችል ሰው! ሳቅሁ፤ ሳቄ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ። አየኝ።

እንደምንም ጫፉ ላይ ደረስን። ፍሪ። ቤት ስንገባ ቻርጇ ሁለት።

እራት ላይ፣ ቀና ሳይል፣ «ይህን እጥበት ብተወውስ?» አለ።

የቀለደ መስሎኝ ነበር። አልቀለደም። «ለእኔ ብለሽ መንገድ ላይ ልትቀሪ ነው። ይብቃኝ።»

እንዴት ነው የሚበቃው? እጥበቱን ተወ ማለት እኮ... መጻፍም አልፈልግም።

ጥቅምት 20

አልሄድም አለ። «ዛሬ ደህና ነኝ።» እህቴ በስልክ ጮኸችበት፣ ከዚያ ለመነችው። ስልኩን አልጋው ላይ አስቀምጦ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እግሩ አብጧል።

ለመኪናዋ ያናገርኩት ደላላ ቅዳሜ ገዢ አመጣለሁ ብሏል። እሺ አልኩት። ምን ላድርግ?

ጥቅምት 22

ትንፋሽ አጠረው። እምቢ የሚልበት አቅም አልነበረውም፤ ደግፌ አስገባሁት። በዚያ ሁኔታው እንኳ ጫፉ ላይ ስንደርስ ጣቱን አነሳ። ፍሪ አደረግሁለት።

ሐኪሟ ተቆጣችኝ። «አንድም ቀን መዝለል የለበትም። ዛሬ ደርሰሽለታል፤ ሁለተኛ ላትደርሺለት ትችያለሽ።» እዚያው አስተኙት።

ብቻዬን ተመለስኩ። እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም። የማርሹ ነገር ትዝም አላለኝ። ግቢ ገብቼ ሳይ፣ ሃያ አምስት። ሃያ አምስት? አሥራ አንድ አልነበር? አባዬ ስላልተሳፈረ ይሆን? እሱ እኮ አሁን ከመጋረጃ ጥቅል አይከብድም...

ጥቅምት 23

ልጠይቀው ስሄድ እንደ ልማዴ በፍሪ ወረድኩ። ቁጥሩ ባለበት ቀረ። ትንፋሹ ተመልሷል፣ ተመስገን። ስመለስ ማርሹን ሳልነካ ወረድኩ። ቁጥሩ ወደ ላይ! አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት... ታች ስደርስ ዳር ይዤ ለጋራዡ ልጅ ደወልኩ።

«በፍሪ ትወርጃለሽ እንዴ?!» አለ። «ቁልቁለት ላይ እኮ ራሷን ቻርጅ ታደርጋለች! ፍሪ ስታደርጊያት ከአፏ ነጠቅሻት ማለት ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«በፍሪ የሚወርድ ሰው አለ ብዬ መች አሰብኩ!»

ባትሪው ማርጀቱን አርጅቷል አለ፤ ግን እንዲህ ከነዳኋት ገና ታገለግላለች። ለደላላው ደውዬ ተወው አልኩት። ተቆጣ። ይቆጣ።

ደስታዬ ቤት እስክደርስ አልቆየም። አባዬን ምን እለዋለሁ? ያንገላታችን የአንተ ፍሪ ነበር ልበለው? የቀረችው ሹፌርነቱ ናት። ዝም ብልስ? ዝም ካልኩ እጁን ያነሳል፣ እኔም እሺ እላለሁ፣ ኤሊዋ እንደገና ትበራለች...

ጥቅምት 24

አባዬን አመጣሁት።

ጫፉ ላይ እጁ ተነሳ። «በይ ፍሪ።»

እጄን ከመሪው አላነሳሁም። «አባዬ፣ ዛሬ ይቅር። ቁጥሯን እያት።»

መነጽሩን አደረገ። ሃያ ሰባት። ሃያ ስምንት። ሠላሳ ላይ መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

«ትሞላለች?»

«ትሞላለች።»

«ቁልቁለት ላይ?»

«ቁልቁለት ላይ።»

እስከ ታች ዓይኑን ከቁጥሯ አልነቀለም። ምነው በቀረብኝ! ሜዳው ላይ ስንደርስ፣ «ለካ እኔ ነኝ ያስራብኳት» አለ።

«እኔስ መች አወቅሁ አባዬ?»

«አንቺ ምን ታደርጊ። ያስተማርኩሽን ነው የነዳሽው።» ከዚያ ሳቁ መጣ፤ ሳል እስኪይዘው። «ሠላሳ ዓመት ፍሬን ሲበላብኝ የኖረ ቁልቁለት ነው አሁን ስልኳን የሚያበላት?»

ስለ ቀጣዩ እጥበት አልጠየቅሁትም። ፈራሁ። አልሄድም ቢለኝስ? መኪናዋስ ተረፈች። እሱ እምቢ ካለ ግን የት ጋራዥ ልወስደው ነው?

እራት ስሠራ ድምፁ ጠፋብኝ። ክፍሉ ባዶ ነው። ሮጬ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ በአንድ እጁ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ገመዱ ተሰክቷል፤ መብራቷ በርቷል።

«አባዬ! ማን ደግፎህ ወጣህ?»

«ሁልጊዜ አንቺ ብቻ ትሰኪያለሽ?» አለኝ። ክንዱን ያዝኩት። በሩ ጋ ስንደርስ ትንፋሹን ሊሰበስብ ቆም አለ።

«ከነገ ወዲያ በጠዋት ነን አይደል?»

«በጠዋት ነን፣ አባዬ።»