አንተ የሞላሃት የመጨረሻዋ ጥይት

አያልዬ ሆዴ፣ የትርንጎ አባት፣

እንደምን አለህ ብዬ ልጀምር ብል እጄ እንቢ አለኝ። ካለህበት ብርድም ሕመምም የለም ስለሚሉ የአንተን ትቼ የእኛን ልንገርህ። ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ሙት ዓመትህን ካወጣን ወዲህ ሰው ስምህን ሲጠራ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ትቷል፤ እንደ ድሮው ጮክ ብለው ሲጠሩህ ስሰማ ደስ ይለኛል። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረሽ ለማን ልትጽፊበት ነው እያልክ ትቀልድብኝ አልነበር? ይኸው፣ ለአንተ።

ቤቱ እንደተውከው ነው አልልህም። የጓሮው ቀርከሃ አጥሩን አልፎ ጎረቤት ግቢ ገብቷል። ቀይዋ ላም ወልዳለች፤ ጥጃዋም እንደ እናቷ ረጋጭ እንደምትሆን ከወዲሁ ታስታውቃለች። ትርንጎ ቆሰበር ቤት ተከራይታ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። የምትበላውን ድንችና ገብስ በባጃጅ እልክላታለሁ፤ የቤት ኪራይዋም የሚወጣው ከድንቹ ነው። የልጅህ ትምህርት ያለው እዚያ የገደሉ አፋፍ ማሳ ላይ ነው።

አንተ መሞትህን ከሰው ሁሉ ቀድመው የተረዱት ዝንጀሮዎቹ ናቸው። ሴት አይፈሩም ሲባል እሰማ ነበር እንጂ በራሴ ደርሶ አላየሁትም። አምና ድንቹን ገና እንቁላል ሳያክል ቆፍረው ጨረሱት። እኔ ከታች ድንጋይ ስወረውር እነሱ ከላይ ይለቅማሉ። ወንድምህ ዘለቀ ይህን አይቶ ሁለት ሽማግሌ ይዞ መጣ። ያ ማሳ ወንድና ጠመንጃ ይፈልጋል፤ ለእኔ በእኩል ስጪኝና እኔ አርሼ፣ እኔ ጠብቄ ግማሹን አስገባልሻለሁ አለኝ። ክፋት የለውም፣ ታውቀዋለህ። ግን ግማሽ ድንች ትርንጎን አያስተምርም፤ በእኩል የገባ መሬት ደግሞ መልሶ ሲወጣ አላየሁም። ሽማግሌዎቹ ዘንድሮን ብቻ ሰጡኝ። ዝንጀሮ ካጠፋው ማሳው ለዘለቀ፤ ካዳንኩት ግን ነገሩ ዳግም እንዳይነሳ ተባለ። እሺ አልኩ።

ከዚያ ኮትህን ለበስኩ። አትሳቅ። ያን ወፍራሙን ጥቁር ኮትህን ለብሼ፣ ባርኔጣህን ደፍቼ፣ የአባትህን ውጅግራ ጠመንጃ ባዶውን ትከሻዬ ላይ አንግቼ ማሳው ዳር ተንጎራደድኩ። የመጀመሪያ ሰሞን ሸሹልኝ። ኋላ ግን ነቁብኝ። ድምፄን አጎርንኜ፣ አንተ ትሰድባቸው እንደነበረው በአገውኛ ሰደብኳቸው። ትልቁ ዝንጀሮ፣ ያ ደረቱ የሸበተው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ድንቼን እየላጠ ስድቤን እስክጨርስ አዳመጠኝ።

የሚያስፈልገኝ አንዲት ጩኸት ነበረች። አንተ በየዓመቱ ድንቹ መቋጠር ሲጀምር አንዴ ወደ ሰማይ ትተኩስና እስከ አዝመራው ድረስ ጠመንጃውን ማሳየት ብቻ ይበቃህ ነበር። ሳጥንህን ከፈትኩ። የተተኮሰ ጥይት ባዶ ቀለህ ሞልቷል፤ ባሩዱ በቀንዱ ውስጥ አለ፤ እርሳሱም አለ። የጠፋችው የቀለሁ ቂጥ ላይ የምትሰካው፣ ስትመታ እሳት የምትሰጠው ትንሿ ቆብ ናት። ያለ እሷ ሌላው ሁሉ ዝም ያለ ብረት ነው።

ያን ሁሉ ቀለህ ሳይ ሠርጋችን ትዝ አለኝ። አባትህ ደስ ብሏቸው ሲተኩሱ አንተ ሙሽራው እኔን ከተቀመጥኩበት ትተህ፣ በሚጨፍረው ሰው እግር መሐል ጎንበስ ብለህ ቀለህ ፍለጋ ሄድክ። ሚዜህ ሙሽራው ጠፋ ብሎ ተደናገጠ። አንተ ጉልበትህ ጭቃ ሆኖ፣ ቀለሁን እንደ ሎተሪ ይዘህ ስትመጣ እናቴ ልጄን ለምን ዓይነቱ ነው የሰጠኋት ብላ ነበር። ቀለህ መልሶ ይሞላል ትል ነበር አንተ፤ መጣል ነውር ነው ትል ነበር። እውነትም አገሩ በሙሉ ሊያስሞላ ወደ አንተ ይመጣ ነበር። ለማሳ ጠባቂ ትሞላለህ፣ ለቀብር ትሞላለህ፤ ደም ለሚፈልግ ግን ሰንጋ ቢያመጣልህም አትሞላም።

እንግዲህ ቆቧን ፍለጋ ወጣሁ። ጊዜው የጥይት ነገር የማይወራበት ነው፤ ያለው ደብቋል፣ የሌለው ይፈራል። ቆሰበር ገበያ የማውቀውን ሁሉ በጆሮው ጠየቅኩ። ዳንግላ ላይ አንድ ዕቃ ሻጭ ነገሩን ስነግረው በሩን ገርበብ አድርጎ ማንን ልትገድዪ ነው አለኝ። ዝንጀሮ አልኩት። ሳቁን ለቀቀና በሩን መልሶ ከፈተው፤ ቆብ ግን አልነበረውም። ጫግኒ ድረስ ወረድኩ፤ ያ ጠመንጃ ይጠግን የነበረው ወዳጅህ ቤት ልጁ አሁን የባጃጅ ጎማ ይለጥፍበታል። ቆብ ካየ ቆይቷል። ሁሉም እየመጣ እንደሚጠይቀውና ሁሉንም በባዶ እጁ እንደሚሸኝ ነገረኝ።

ከልጁ ጋር ያወራነውን የሰማ አንድ ሰው መናኸሪያው ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ቆብ አለኝ፤ የባልሽን ሳጥን ከነቀለሁና ከነባሩዱ ስጪኝ፣ ለዝንጀሮሽ የምትሆነውን አንዷን ሞልቼ እሰጥሻለሁ አለኝ። የቀሩትስ ለምን ነው አልኩት። የቆየ ደም አለኝ አለ፤ የቆየ ዕቃ አለኝ እንደሚል ሰው ቀለል አድርጎ። አያልዬ፣ የማሳው ነገር አንገቴ ላይ ነበር። ዘለቀ እርሻውን ሲያርስ፣ ትርንጎ ትምህርቷን ትታ ስትመለስ በዓይኔ መጣብኝ። ቢሆንም ትቼው ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። አንተ በሰንጋ ያልሸጥከውን እኔ በድንች አልሸጠውም።

ቆሰበር ስደርስ ዝናቡ ይወርድ ነበር። ኮትህ ውኃ ጠጥቶ እኔን ያህል ከበደኝ። ቤት ስገባ አያ ቢተው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ማሳቸው ከማሳችን ስለሚዋሰን ስለ ሽማግሌዎቹም ስለ ፍለጋዬም ሰምተዋል። ከብብታቸው በጨርቅ የተጠቀለለች ነገር አውጥተው እጄ ላይ አደረጉልኝ። ሙሉ ጥይት ናት፤ ቆቧ ያላት። ከመታመምህ በፊት ራስህ ሞልተህ፣ ለቀብራቸው እንድትተኮስ ሰጥተሃቸው ኖሯል።

ይህን ሲነግሩኝ የቀብርህ ቀን መጣብኝ። ያ ሁሉ ሰው ጠመንጃ አንግቶ ቆሞ፣ አንዲት ጥይት ሳትጮህ አፈር ተመለሰብህ። ጥይት የለም ተባለ። የስንቱን ቀብር ያስጮህከው አንተ በዝምታ ገባህ፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። አያ ቢተውም አቀርቅረው፣ ያን ቀን እዚሁ ብብቴ ውስጥ ነበረች፤ ለራሴ ሳሳሁላት አሉኝ። አልዋሽህም፣ ተናደድኩ። ፊታቸውን ማየት አስጠላኝ። እሳቸው ግን አልሄዱም። በኔ ቀብር ብትጮህ እኔ አልሰማት፤ አሁን ብትጮህ ግን እሰማታለሁ፤ እባክሽ ልስማት አሉኝ። ሽማግሌ ሲለምን ምን ይባላል? ወደ ውስጥ አስገብቼ እሳት ዳር አስቀመጥኳቸው።

በማግሥቱ ጠዋት ዝንጀሮዎቹ እስኪወርዱ ጠበቅኩ። ደረተ ሽበቱ ድንጋዩ ላይ ወጥቶ ተቀመጠና እንደተለመደው አየኝ። ኮቱን አውልቄ አጥሩ ላይ ሰቀልኩት፤ ባርኔጣውንም እላዩ ላይ። በቀሚሴና በመቀነቴ ሆኜ ፊቱ ቆምኩ። እንዲያውቀኝ ፈልጌያለሁ፤ ጥይቷ አንዲት ናት፣ ፍርሃቱ አንተን በመሰለ ኮት ላይ ባክኖ እንዲቀር አልፈለግኩም። ወደ ሰማይ አነጣጥሬ ሳብኩት።

ውጅግራህ እንደ ቀይዋ ላም ነው የሚረግጠው። ትከሻዬን ብሎ ድንቹ መሐል በቂጤ ዘረጋኝ። ገደሉ ጩኸቱን ተቀብሎ መለሰ፣ እንደገና መለሰ። ዓይኔን ስገልጥ አንድም ዝንጀሮ የለም፤ ድንጋዩ ላይ የተላጠ ድንች ብቻ ቀርቷል።

አንድ ነገር ግን ዘንግቼ ነበር። ጥይት በጠፋበት በዚህ ጊዜ ሰው ያለችውን የሚተኩሰው ለቀብር ብቻ ነው። ለማንም ሳልናገር መተኮሴ የገባኝ ጎረቤቱ በሙሉ ከየቤቱ ሲወጣ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ በትራቸውን ይዘው፣ ዘለቀ ከፊት ሆኖ እየሮጠ መጡ። ማን ሞተ? ማን ሞተብሽ? አሉኝ፤ እኔ ጭቃ ላይ እንደተቀመጥኩ ነኝ። ዝንጀሮ ላባርር ነው ልላቸው አፌን ከፈትኩ። አያሌው፣ አልኩ።

ማንም አልሳቀም። አያ ቢተው ከአጥሩ ማዶ ቆመው ነበር፤ መጀመሪያ ያለቀሱት እሳቸው ናቸው። ሴቶቹ አጠገቤ ማሳው ዳር ተቀመጡ፤ የእናትህ እህት ስምህን ጠርታ ሙሾ አወረደችልህ፣ የቀብርህ ቀን ያላለችውን ሁሉ አለች። ዘለቀ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። ኮትህን አጥሩ ላይ ተሰቅሎ ሲያይ ሄዶ ባርኔጣህን ቀና አደረገለት። ስለ እኩል ነገር ከዚያ ወዲህ አንስቶብኝ አያውቅም፤ ድንቹን ስናወጣም ከልጆቹ ጋር መጥቶ ረድቶኛል። ሲሄዱ አንዷ ጎረቤት ቂጤ ላይ የተለጠፈውን ጭቃ አይታ ሳቀች፤ ሁላችንም ሳቅን።

ድንቹ ጎተራ ገብቷል። ትርንጎ አሥረኛ ክፍልንም ትማራለች። ዝንጀሮዎቹ አሁንም አፋፉ ላይ ብቅ ይላሉ፤ ቀሚሴን ሲያዩ ግን ደረተ ሽበቱ ቀድሞ ነው የሚዞረው። ባዶውን ጠመንጃ ይዤ ብታየኝ እንዴት እንደምትኮራብኝ አውቃለሁ።

ቀለኋን ከድንቹ መሐል ፈልጌ አገኘኋት፤ እንደ አንተ ተንበርክኬ። አጥቤ ለብቻዋ አስቀምጫታለሁ። አያ ቢተው ለኔ ብለሽ አትድከሚ ይሉኛል፤ እኔ ግን መፈለጌን አልተውኩም። ዳንግላም ጫግኒም ደግሜ እሄዳለሁ፤ ቆቧን ሳላገኝ እሳቸው እንዳይሞቱ ነግሬያቸዋለሁ፤ እሺ ብለዋል። አንተ ስትሞላ ዓመታት ሙሉ አጠገብህ ተቀምጫለሁና እጄ ያውቀዋል። የሳቸው ቀብር ዝም አይልም።

ኮትህን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልለበስኩትም። ክረምቱን ሙሉ አንተን ልመስል ስል ዝናብ ሲመታው፣ ሽታህ በየቀኑ ሲቀንስ ይሰማኝ ነበር፤ ለድንቹ ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ከአልጋው ራስጌ ሰቅዬዋለሁ። አንገትጌው ላይ ትንሽ ቀርተሃል። እሱን ለዝናብ አልሰጠውም።

ሚስትህ