ስላልጠቆሩት ዘጠኝ ክቦች

ይድረስ፦ ለተከበሩ የኮሌጁ የተማሪዎች ቅበላ ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ እመኛለሁ፤ ቢያምዎት መድኃኒትዎን የሚሰጥዎ ሰው ከራስዎ ኮሌጅ የሚወጣ ነውና ምኞቴ ከልብ ነው።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ የቆምኩ ፋርማሲስት ነኝ። ልጄ ከመግቢያው ውጤት ሁለት ነጥብ ስለጎደላት ፋርማሲ ለመማር እንደማትበቃ በአንድ መስመር ተኩል ስላሳወቁን ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ሌላው ቢሆን ምክንያት እየደረደረ ያደክመን ነበር። እኔም እንዳላደክምዎ ቅሬታዬን በቁጥር አስቀምጣለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ ተረድቻለሁና።

፩ኛ. ልጄ ዘጠኝ ጥያቄዎችን ባዶ ትታለች። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ ከትምህርት ቤት መልስ አጠገቤ ቆማ የሐኪም ማዘዣ ስታነብልኝ ያስተማርኳት አንድ ነገር ነው፦ ጽሑፉ ካልተነበበሽ ሐኪሙ ጋ ደውለሽ ጠይቂ እንጂ አትገምቺ። ፈታኟ እንኳ አዝነውላት፣ ደንቡን ተላልፈው፣ «የኔ ልጅ፣ ዝም ብለሽ አጥቁሪው፤ ለስህተት እኮ ነጥብ አይቀነስም» ብለዋት ነበር። «አላውቃቸውማ!» ብላ ወረቀቷን አስረከበች። እንዲህ ያለች ደረቅ ልጅ ነው ያሳደግሁት።

፪ኛ. የጎረቤታችን ልጅ በበኩሉ የቀሩትን ሃያ ሦስት ጥያቄዎች በሙሉ «ሐ» ላይ አጥቁሮ፣ ሰዓቱ ሳይሞላ ወጥቶ፣ የእርስዎ ተማሪ ሆኗል። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሊሰናበተን መጥቶ «ጋሼ፣ ሐ ሁሌም ትቀናኛለች» ሲለኝ አብሬው ስቄያለሁ። የወደፊት በሽተኞቹን ወክዬ ግን አልሳቅሁም።

፫ኛ. ይሄኛው ቅሬታ እንኳ አይደለም። ውጤቱ የመጣ ዕለት ልጄ «አባዬ፣ መገመት ነበረብኝ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከመደርደሪያው አንድ ጠርሙስ አንስቼ ጽሑፉን የማነብ መስዬ ቆየሁ። «አዎ» ብላት ሥራዬን እክዳለሁ፤ «የለም» ብላት እሷን። እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎትና የትኛው እንደሚሻል ቢጽፉልኝ፣ አንድ መስመር ተኩል ይበቃኛል።

ለሁለት ነጥብ ላሳዩት ታማኝነት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ወንበርዎ እንዲጸናና ሁልጊዜም ከመድኃኒት ርቀው እንዲኖሩ በመመኘት፣

ልጁን የማይሆን ነገር ያስተማረው አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ በሚቀጥለው ዓመት ደግማ መፈተን እንደምትችል ስለጻፉልን ዝግጅት ጀምራለች። ባንኮኒው ጫፍ ላይ ሰዓት አስቀምጣ ጥያቄውን ሳታነብ ክብ ማጥቆር ትለማመዳለች። ትናንት የመቶውን ጥያቄ ክብ በአራት ደቂቃ ጨረሰች፤ ቀና ብላም አላየችኝ። በእርስዎ መለኪያ በየቀኑ እየተሻላት ነው።