ገመዱ ምንም አልሆነም

ልዑልሰገድ፣

ማንኩሳ ሄጃለሁ። የወንድሜ ሙት ዓመት ነው፤ እሑድ እመለሳለሁ።

በኔ ኮምፒውተር ላይ ያለው የሰኞ ፈተናህ ፎልደር አሁን ካንተ ኮምፒውተር ይከፈትልሃል። የኔን ኮምፒውተር እንዳታጠፋው። ያንተን ግን አጥፍተህ አብራው። ፓስዎርድ ከጠየቀህ የድሮው ነው።

ፎልደሩ አልከፈት ሲልህ የኔትወርክ ገመዱን ሁለት ጊዜ ስትቀይር፣ ባለሙያ ስትለምን ዝም ብዬ አየሁህ። ፎልደሬን ላንተ የሚያጋራውን ሼሪንግ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ያን ቀን ከኔ ፎልደር አግኝተህ፣ የገጠር ዘፈን መስሎህ ለእንግዶችህ የከፈትክላቸው የእናቴ ድምፅ ነው። ወንድሜ የሞተ ዕለት ያወረደችው ሙሾ ነው። እንግዶችህ ሳቁ፤ አንተም ሳቅህ።

አንተስ አላወቅህም።

እኔ ግን የማን ድምፅ እንደሆነ እያወቅሁ፣ አፍሬ፣ አብሬያችሁ ሳቅሁ።

ባምላኩ